«እስያ መታዘዝ ባህሏ ነው» የሚለው ሐሳብ የት ላይ ይሰበራል?

ጥያቄ፦ «የማስተርስ ማሟያ ጽሑፌን በቻይና የአገዛዝ ባህልና በዘመናዊው እስያዊ ማንነት ላይ ልሠራ ነው። መነሻ ሐሳቤ ይህ ነው። ቻይና ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በጥንቱ ፈላስፋ በኮንፊሺየስ ትምህርት ተገዝታለች፤ ስለዚህ ሕዝቧ ከግል መብቱ ይልቅ ለመሪውና ለማኅበረሰቡ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ስለዚህም ቻይናም ሲንጋፖርም ደቡብ ኮሪያም አደጉ፤ የምዕራቡ ዴሞክራሲ ደግሞ ለእስያ ባዕድ ነው። አማካሪዬ ‹በጣም ሰፊ ነው፣ አጥብበው› ብሎኛል። እንዴት ላጥብበው?»

ምላሽ፦ አማካሪዎ በጨዋ ቋንቋ ነው የነገሩዎት። ይህ ሐሳብ ቢጠብም አይድንም። አራት የተለያዩ አባባሎች በ«ስለዚህ» ተሰፍተው የቀረቡ ናቸውና መጀመሪያ ስፌቱን መተርተር ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ቻይና በኮንፊሺየስ ተገዛች» ከሚለው ልጀምር። ቻይናን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 ጠቅልሎ አንድ ያደረጋት የቺን መንግሥት የኮንፊሺየስን ተከታዮች እንደ ባላንጣ የሚያይ መንግሥት ነበር። ጉልበቱን ያገኘው ከዚያ በፊት፣ ከ356 ጀምሮ፣ ሻንግ ያንግ ከተባለው ሹም ማሻሻያ ነው። ቤተሰቦች በአምስትና በአሥር እየተቧደኑ ተመዘገቡ፤ ከቡድኑ አንዱ ቢያጠፋና ሌሎቹ ባያጋልጡ ሁሉም ይቀጣሉ። የጠላት ጭንቅላት ቆርጦ ያመጣ ወታደር የማዕረግ እርከን ይወጣል። የዘር ሐረግ የሚያስገኘው ማዕረግ በጦርና በእርሻ ውጤት ተተካ። ይህ አስተሳሰብ በታሪክ «የሕግ ወገኖች» እየተባለ ይጠራል። ስሙ እንዳያሳስትዎ፤ እዚህ ላይ «ሕግ» ማለት ንጉሡ በሕዝቡ ላይ የሚያሠራው የቅጣትና የሽልማት መሣሪያ ማለት ነው። ንጉሡን ራሱን የሚያስር ሕግ አያውቁም። «የሕግ የበላይነት» ብለው የተረጎሙት እንደሆነ ጽሑፍዎ ገና ከመነሻው ይጣመማል።

ቺን ከ15 ዓመት ያልበለጠ ገዝቶ ወደቀ። ቀጥሎ የመጣው የሃን መንግሥት ግን ወረዳውን፣ የሕዝብ መዝገቡንና የቅጣት ሕጉን እንዳለ ወረሰ። ከዚያ በላዩ ላይ የኮንፊሺየስን ካባ ደረበበት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ124 የተከፈተው የንጉሠ ነገሥቱ ከፍተኛ ትምህርት ቤት በ50 ተማሪ ነበር የጀመረው። ቻይናውያን ራሳቸው ይህን ቅይጥ «ከውጭ ኮንፊሺየስ፣ ከውስጥ ሕግ» ይሉታል። እስከ መጨረሻውም አልጠፋም። በቺንግ ዘመን (1644–1912) በወረቀት ላይ የሰፈረው የሰፈር አደረጃጀት 10 ቤተሰብ አንድ ቡድን፣ 10 ቡድን መቶ፣ 10 መቶ ደግሞ አንድ ሺህ ቤት እየሆነ እርስ በርስ የሚጠያየቅ ነበር። ይህ የሻንግ ያንግ ልጅ ነው። ኮንፊሺየስ በቅጣት ብቻ የሚገዛ ሕዝብ እፍረት የማያውቅ ይሆናል ሲል ያስተማረ ሰው ነው። እንግዲህ «የቻይና ወግ» ሲሉ የትኛውን ነው የሚሉት? በአንድ ጣሪያ ሥር ሲነታረኩ የኖሩ ሁለት ወጎች አሉ።

«ሕዝቡ መሪውን ይታዘዛል» የሚለው ከዚህም ይብሳል። እኛ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ብለን አድገናል። በቻይና ግን ከሳሹ ሰማይ ራሱ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1046 ገደማ የጆው ነገሥታት ሻንግ የተባለውን ሥርወ መንግሥት ገልብጠው ዙፋን ሲይዙ ያቀረቡት ምክንያት «ሰማይ ሾሟቸው ነበር፤ ግፍ ቢሠሩ ሻራቸው» የሚል ነበር። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ሜንሺየስ፣ ከኮንፊሺየስ ተከታዮች ሁሉ ስሙ የገነነው፣ በዚያ ጊዜ ስለተገደለው ግፈኛ ንጉሥ ሲጠየቅ «አንድ ወሮበላ መገደሉን ሰምቻለሁ፤ ንጉሥ ተገደለ ሲባል ግን አልሰማሁም» የሚል መንፈስ ያለው መልስ ሰጠ።

የዚህን ትምህርት ክብደት ከምሁራን ይልቅ የተረዱት ነገሥታቱ ናቸው። የሚንግ መንግሥት መሥራች ጁ ዩዋንጃንግ ወላጆቹን በረሃብና በወረርሽኝ ያጣ የገበሬ ልጅ ነው፤ መነኮሰ፣ ለመነ፣ ሸፈተ፣ በ1368 ነገሠ። ሽፍታ ተነሥቶ ዙፋን መውጣቱ ለእኛ አንባቢ አዲስ አይደለም። ይኸው ሰው በ1394 ከሜንሺየስ መጽሐፍ 85 አንቀጾች ተቆርጠው እንዲወጡ አደረገ። መሰላሉን ወጥቶበት ሲያበቃ ከኋላው ሰበረው ማለት ነው። መታዘዝ በባህል የተረጋገጠ ነገር ቢሆን ኖሮ መቀስ ባላስፈለገ ነበር።

ወዲያኛው ጫፍ ላይ ወጥተው «እንግዲያውስ ቻይና ጥንትም ዴሞክራሲያዊ ነበረች» እንዳይሉ ደግሞ እጠነቀቅልዎታለሁ። የሰማይ ሹመት መፈተኛው ድል ብቻ ነበር። ያሸነፈ ንጉሥ፣ የተሸነፈ ሽፍታ ይባላል እንጂ ሰማይ ማንን እንደሻረ የሚቆጥር ኮሮጆ አልነበረም። ንጉሡን የመገሠጽ ወግም ነበረ፤ ለዚሁ ሥራ የተሾሙ ገሣጭ ሹማምንትና ሙሉ መሥሪያ ቤት ነበራቸው። ገሣጩን ከንጉሡ ቁጣ የሚጠብቀው ሕግ ግን አልነበረም። በ1566 ሃይ ሩይ የሚባል ሹም ለጂያጂንግ ንጉሠ ነገሥት አገሩ መበደሉን ፊት ለፊት ጽፎ አቀረበ፤ ከማቅረቡ በፊት የሬሳ ሣጥኑን ገዝቶ ቤተሰቡን ተሰናብቶ ነበር ይባላል። ታሰረ፣ ተደበደበ፤ የዳነው ንጉሡ ቀድሞ ስለሞተ ብቻ ነው። በ1959 ማኦ ካድሬዎቹን የሃይ ሩይን ድፍረት ተማሩ አላቸው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር የመከላከያ ሚኒስትሩ ፐንግ ደኋይ «ታላቁ ዝላይ» ስለተባለው የማኦ የኢኮኖሚ ዘመቻ ጥፋት ደብዳቤ ጻፈለት፤ ከሥልጣኑ ተባረረ። ስለ ሃይ ሩይ በተጻፈ አንድ ተውኔት ላይ በኅዳር 1965 የወጣ ትችት ደግሞ ማኦ በራሱ ፓርቲ ሰዎችና በአሮጌው ባህል ላይ ያስነሣው የባህል አብዮት መክፈቻ ሆነ። የወጉ ጥንካሬም ድክመቱም እዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ ይታያል። መናገር ግዴታ ነው፤ ከተናገሩ በኋላ ግን የሚከላከልልዎ የለም።

አሁን ደግሞ ከወጉ ሁሉ በእውነት የተለየ ወደሆነው ተቋም ልለፍ። ከአገዛዙ ወግ ለዓለም የተረፈ አንድ ነገር ጥቀስ ብባል የምጠቅሰው ፈተናውን ነው። ከሱይ መንግሥት (581–618) ጀምሮ እስከ 1905 ድረስ ሹመት በጽሑፍ ፈተና ተሰጥቷል። በናንጂንግ የነበረው የክፍለ ሀገር መፈተኛ ግቢ ከ20,000 በላይ ክፍሎች ነበሩት። «ክፍል» ማለቴ ለማክበር ነው፤ በር የሌለው፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ የግንብ ጎጆ ነው። ተፈታኙ ሁለት ሳንቃ ይሰጠዋል፤ በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ በተቀረጸው ቦይ ቀን አንዱን ከፍ አንዱን ዝቅ አድርጎ ጠረጴዛና መቀመጫ ያደርጋቸዋል፣ ማታ ሁለቱንም እኩል ዝቅ አድርጎ ኩርምት ብሎ ይተኛባቸዋል። ፈተናው ሦስት ዙር ሲሆን እያንዳንዱ ዙር ሦስት ቀንና ሁለት ሌሊት ይወስዳል። ምግቡን ይዞ ይገባል፤ ሲገባ ልብሱ ይበረበራል። መልሱን በጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ ከዚያ ስሙ ተሸፍኖ ጸሐፊዎች ሙሉውን በቀይ ቀለም ይገለብጡታል። አራሚው የሚያየው ቀዩን ብቻ ነው፤ የእጅ ጽሑፉን አይቶ ዘመዱን እንዳይለይ። ያለፈውም ቢሆን በተወለደበት ክፍለ ሀገር አይሾምም፤ የተመደበበት ወረዳ ውስጥም ሥር ሳይሰድ በየጥቂት ዓመቱ ይዛወራል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚነግርዎ የቻይና መንግሥት ዝምድናንና አድልዎን እንደ በሽታ ቆጥሮ መድኃኒት ሲፈልግለት መኖሩን ነው። መድኃኒቱ ያልደረሰባቸውም ብዙ ናቸው። ሴቶች አይፈተኑም። በቃል መያዝ የነበረበት የመጽሐፍ ብዛት ከ400,000 ፊደል በላይ ስለሆነ ልጁን ለዓመታት ከእርሻ ማቆየት የማይችል ድሀም በተግባር አይፈተንም። ደጋግሞ የወደቀ ደግሞ ቂም ይይዛል። ሆንግ ሹቹዋን አራት ጊዜ ወድቆ በመጨረሻ የታይፒንግን አመፅ (1850–1864) መራ፤ የሞተው ሰው በሚሊዮኖች ይቆጠራል። ፈተናው በ1905 ሲሰረዝም መዘዝ አመጣ። የአገሩን የተማረ ክፍል ከዙፋኑ ጋር ያሰረው ገመድ እሱ ነበርና ገመዱ በተቆረጠ በሰባተኛው ዓመት ዙፋኑ ራሱ ወደቀ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም፤ አንዱ ግን ይህ ነው።

«የምዕራብ» እና «የእስያ» የሚሉት ድንበርም እዚሁ ላይ ይደበዝዝብዎታል። ብሪታኒያ በ1855 ለሕንድ አስተዳደር ሠራተኞችን በግልጽ የውድድር ፈተና መቅጠር ስትጀምር፣ በነበረው ክርክር ደጋፊውም ተቃዋሚውም ቻይናን ይጠቅስ ነበር። በአንጻሩ ቻይና ሪፐብሊክ ከሆነች በኋላ «ለቻይና ከሪፐብሊክ ይልቅ ዘውድ ይሻላታል» ብሎ በ1915 ምክር የጻፈው ፍራንክ ጉድናው የሚባል አሜሪካዊ ፕሮፌሰር ነበር። ፕሬዚዳንት ዩዋን ሺካይ በዚያ ምክር ተደግፎ ንጉሠ ነገሥት ልሁን አለ፤ አገሩ በሙሉ ተነሣበትና ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ተወው። የቻይና ባህል ለዴሞክራሲ አይሆንም ያለው አሜሪካዊ ምሁር ነው፤ ዘውዱን በጦር መሣሪያ ጭምር አይሆንም ያሉት የዩናን ክፍለ ሀገር ቻይናውያን ናቸው።

«እስያዊ ማንነት» ወደሚለው እንምጣ። «እስያ» ግሪኮች ያወጡት ስም ነው። ቻይናውያን ከቃሉ ጋር በሰፊው የተዋወቁት የኢየሱሳውያን ሚሲዮናዊ ማቴዮ ሪቺ በ1602 ቤጂንግ ላይ ባሳተመው የዓለም ካርታ ነው። የቻይና ሊቅ፣ የሕንድ ብራህሚንና የጃፓን ሳሙራይ «እኛ እስያውያን» ተባብለው አያውቁም ነበር። ያስተሳሰራቸው የአውሮፓ መርከብ ነው። ከዚያ በኋላም ስለ ምንነቱ አልተስማሙም። በ1885 የጃፓኑ ፉኩዛዋ ዩኪቺ እንደጻፈው በሚታመን ርእሰ አንቀጽ ላይ ጃፓን ከእስያ ጎረቤቶቿ ተለይታ ከምዕራቡ ጋር ትሰለፍ ተባለ። በ1903 ኦካኩራ ካኩዞ «እስያ አንድ ናት» ብሎ መጽሐፉን ከፈተ፤ መጽሐፉ ግን በእንግሊዝኛ የተጻፈና ለንደን የታተመ ነበር። ለማን ነበር የሚናገረው?

በ1924 ኅዳር ላይ የቻይና ሪፐብሊክ መሥራች ሱን ያት ሴን ኮቤ ከተማ ላይ ለጃፓኖች ንግግር አደረገ። የእስያ ወግ በበጎነት መግዛት፣ ማለትም «የንጉሥ መንገድ» ነው፤ የምዕራቡ በጉልበት መግዛት ነው፤ እናንተ የትኛውን ትመርጣላችሁ? አላቸው። ስምንት ዓመት አልፎ ጃፓን የቻይናን ሰሜን ምሥራቅ፣ ማንቹሪያን፣ ይዛ አሻንጉሊት መንግሥት ስታቆም ከመፈክሮቹ አንዱ «የንጉሥ መንገድ ገነት» የሚል ሆነ። ቃሉን ከቻይናዊው አፍ ወስደው የቻይናን መሬት ያዙበት። ይህን ምሳሌ በጽሑፍዎ ውስጥ ቦታ ይስጡት፤ «እስያዊ እሴት» የሚል ቃል ሲሰሙ ተናጋሪውን፣ ዓመቱንና የተነገረበትን ሰው ሳይጠይቁ ማለፍ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ አላውቅም።

የ1990ዎቹ ክርክርም ከዚህ አይለይም። የሲንጋፖሩ ሊ ኳን ዩ በ1994 ለአንድ የአሜሪካ መጽሔት ባህል ዕጣ ፈንታ ነው የሚል ይዘት ያለው ቃለ ምልልስ ሰጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ በዚያው መጽሔት፣ ከደቡብ ኮሪያ ኪም ዴ ጁንግ መለሱላቸው፤ ሜንሺየስን ጠቅሰው ሕዝብ ግፈኛን የመሻር መብቱ በእስያ ከእንግሊዛዊው ፈላስፋ ከጆን ሎክ በፊት ተሰብኳል አሉ። ሁለቱም እስያውያን፣ ሁለቱም ከአንድ ቅርስ የሚጠቅሱ ናቸው። አንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሌሎችን ያሰሩ፣ ሌላው በወታደራዊ አገዛዝ ታስረው ሞት የተፈረደባቸው ናቸው፤ በ1998 ፕሬዚዳንት ሆኑ። የልዩነታቸው ምንጭ ኮንፊሺየስ ነው ብለው ያምናሉ? ሲንጋፖር ሰውን ያለ ፍርድ የምታስርበት ሕግ እኮ ከብሪታኒያ ቅኝ አገዛዝ የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ የወረደ ነው።

«ያደጉት በዚህ ነው» የሚለውን በአጭሩ ልዝጋው። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ማክስ ቬበር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ቻይና ካፒታሊዝምን ያላመነጨችው በኮንፊሺየስ ምክንያት ነው አለ። በ1980ዎቹ ሌሎች ምሁራን ምሥራቅ እስያ ያደገችው በኮንፊሺየስ ነው አሉ። በ1997 የገንዘብ ቀውስ ሲመጣ ደግሞ የተመሰገነው ዝምድናና መተማመን «የወዳጅ ካፒታሊዝም» ተብሎ ተወቀሰ። ድህነትንም፣ ሀብትንም፣ ኪሳራንም እኩል የሚያስረዳ ምክንያት ምንም አላስረዳም። የሚቆጠረውን ይያዙ። ታይዋን በ1949 የመሬት ኪራይን ከዋናው ሰብል 37.5 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበች፣ በ1951 የመንግሥትን መሬት ሸጠች፣ በ1953 ከባለርስቱ ትርፉን ገዝታ ለአራሹ አስተላለፈች። መፈክሩ ከሱን ያት ሴን የመጣው «መሬት ላራሹ» ነበር፤ ለእኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ደቡብ ኮሪያም በ1950 ተከተለች። በዚህ ላይ የአሜሪካ እርዳታና ብድርን ከኤክስፖርት ውጤት ጋር ያያዘ መንግሥት ተጨመረ። ዴሞክራሲው ባዕድ ነው ለሚለውም ታይዋን ከ1996 ጀምሮ ፕሬዚዳንቷን በቀጥታ ትመርጣለች፤ የደቡብ ኮሪያ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ2017ም በ2025ም በሥልጣን ላይ ያለ ፕሬዚዳንት በ8 ለ0 ድምፅ አውርዷል። ሰሜን ኮሪያም የዚያው ባህል ልጅ ናት።

ቤጂንግ ራሷ ለኮንፊሺየስ ያላት ስሜት የተረጋጋ አይደለም። በ1966 የባህል አብዮቱ ወጣት ዘማቾች፣ ቀይ ዘቦች፣ በትውልድ ከተማው ቹፉ የሚገኘውን መቃብሩን አረከሱ። በጥር 2011 ከቲያንአንመን አደባባይ አጠገብ 9.5 ሜትር የነሐስ ሐውልቱ ቆመ፤ በሚያዝያ ያለ ምንም ማብራሪያ በሌሊት ተነሣ። መንግሥቱ ራሱ ያልወሰነውን እርስዎ «የቻይና ማንነት» ብለው መዝጋት አይችሉም።

ከአገራችን ጋር የሚያገናኝ አንድ ምዕራፍ ለመጨመር ማሰብዎ ስለማይቀር አስቀድሜ ልገድበው። እውነተኛው ግንኙነት ከጃፓን ጋር ነው። በ1931 የወጣው 55 አንቀጽ ያለው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን በተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የተረቀቀ ሲሆን ዋና አርአያው የጃፓን የ1889 ሕገ መንግሥት ነበር፤ ብላቴን ጌታ ኅሩይም በዚያው ዓመት ጃፓን ሄደዋል። የጃፓኑ አርአያ ደግሞ በአብዛኛው የጀርመኗ የፕሩሲያ ሕገ መንግሥት ነው። ከእስያ ቀዳን ስንል ከበርሊን ተቀድቶ የመጣውን ነው የቀዳነው። ይህ ለብቻው ጥሩ ጥናት ይወጣዋል፤ ከቻይናው ጋር አይቀላቅሉት።

ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። «ባህል»ን እንደ ምክንያት ይተዉትና አንድ ተቋም ይያዙ፤ ገሣጭ ሹማምንትን። ያ ቅርስ ዛሬ በሁለት ቦታ ይኖራል። ሱን ያት ሴን በሦስቱ የምዕራብ ሥልጣኖች (ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ) ላይ ከአገሩ ወግ ፈተናንና ቁጥጥርን ጨምሮ አምስት አደረጋቸው፤ በ1947 ሥራ ላይ የዋለውና ታይዋን ዛሬም የምትተዳደርበት የቻይና ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት አጸናቸው። ዛሬ በታይዋን የቁጥጥር ምክር ቤቱ 29 አባላት አሉት፤ ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሕግ አውጪው ያጸድቃል፣ ዘመናቸው 6 ዓመት ነው። ከ2005 መጀመሪያ እስከ 2008 አጋማሽ ድረስ ሕግ አውጪው ዕጩዎቹን አላይም ስላለ ወንበሮቹ ባዶ ነበሩ። በዋናው ቻይና በመጋቢት 2018 የተቋቋመው ብሔራዊ የቁጥጥር ኮሚሽን ከፓርቲው የዲሲፕሊን አካል ጋር በአንድ ቢሮ ይሠራል፤ ሲቋቋም በወጣው ሕግ መሠረት የተጠረጠረን ሹም ያለ ጠበቃ 3 ወር፣ ሲራዘምም እስከ 6 ወር ይዞ ማቆየት ይችላል። ሁለቱም የጥንቱን ወግ እንደ አባት ይጠቅሳሉ። የጥናት ጥያቄዎ እንዲህ ይሁን፦ አንዱ ወግ ተቆጣጣሪውን የሚሾመውና የሚሽረው አካል ሲለያይ ምን ወደ ምን ይለወጣል? ሦስት ነገር ብቻ ያነጻጽሩ፤ ማን ይሾማል፣ ማንን መክሰስ ይችላል፣ ከሳሹን ማን ይጠብቀዋል። የ1566ቱን ሃይ ሩይ መግቢያ ያድርጉት፤ ሦስተኛው ጥያቄ ከእሱ የተወረሰ ነው።

አንድ የጽሕፈት ጥንቃቄ ልጨምር። «ቺን» እና «ቺንግ» በአማርኛ ፊደል ስለሚቀራረቡ ተማሪዎች በየጊዜው ያጋጩአቸዋል። በመካከላቸው ከ1,800 ዓመት በላይ አለ፤ በየምዕራፉ መጀመሪያ ሲጠቅሷቸው ዓመታቸውን በቅንፍ ይጻፉ።